ማንም የማይቀድመው ኦፔል

ኮንራድ ሃያ አንድ የቅጣት ነጥብ ነበረበት። ከሃያ አራት ያለፈ ሰው መንጃ ፈቃዱን አስረክቦ ከአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሶች ጋር እንደገና ለፈተና ይሰለፋል። አሥሩን ነጥብ ኦልሽቲኔክ አጠገብ፣ ስድስቱን ፕዎንስክ መግቢያ፣ አምስቱን ደግሞ ማስታወስ በማይፈልገው ቦታ ነው የሰበሰበው። ሦስቱንም ጊዜ የያዘው ፖሊስ የማይመስል መኪና ነበር። እንደ ማንኛውም የእግዜር ፍጡር ከኋላ ከኋላው ሲያዘግም ይቆይና ድንገት ግንባሩ ላይ ሰማያዊ መብራት ያበራል።

ሥራው ከኦልሽቲን ወደ ዋርሶ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማመላለስ ነው። የጥርስ ላቦራቶሪው አለቃ ነገሩን ሳያንዛዛ ነግሮታል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሹፌር ማለት ጥርስ ይዞ የቆመ ሰው ማለት ነው፤ ቆሞ ለሚውል ሰው ደግሞ ላቦራቶሪው ደሞዝ የለውም። ኮንራድ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ከመንዳት ሌላ የሚችለው ነገር ቢኖር ዓሣ ማጥመድ ሲሆን እሱንም በደንብ አይችለውም።

ሚስቱ ሉድካ መላ አገኘች። መላው አባቷ ነበሩ።

አቶ ኤድመንድ አርባ ዓመት የባቡር ምልክት ጠባቂ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰገነት ላይ ተቀምጠው የሚመጣ ነገር ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ የሚመጣው ነገር ቀረና መጠበቁ ብቻ ተረፋቸው። ስለዚህ የፖሊስ ምልክት የሌላቸውን የፖሊስ መኪኖች ማጥናት ጀመሩ። ደብተር አላቸው። እንደሳቸው አባባል እንዲህ ያለ መኪና ራሱን ያጋልጣል። ፊት ሁለት ወንዶች ይቀመጣሉ። ከኋላ መስታወቱ ሥር ኮፍያም ጃንጥላም አይገኝም። ጣሪያው ላይ ከሚገባው በላይ አንቴና አለ። ሁልጊዜ ታጥቧል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕግ ያከብራል። ጤነኛ ሰው በዚህ መንገድ ላይ ዘጠና ሂድ ሲባል ዘጠና አይሄድም ይላሉ።

ሬዲዮም ነበር። ያን ጊዜ ስልክ ገና መንገድ መናገር አልጀመረም፤ ሹፌር ሁሉ መኪናው ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ይሰቅልና በአሥራ ዘጠነኛው መስመር ያወራል። ትራፊክ ፖሊሶች እዚያ «ድቦች» ነው የሚባሉት። አንዱ «ወንድሞች፣ እስከ ምዋቫ መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከወዲያ የሚመጣው ያየውን ይነግረዋል። ማን እንደሆንክ የሚጠይቅህ የለም፣ ምስጋናውም አይረዝምም። ጥያቄ ሰምቶ ዝም ማለት ግን ነውር ነው። አቶ ኤድመንድ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ያለ መልስ ትተው አያውቁም። አንዴ ስለ ሌላ አገር መንገድ ለጠየቃቸው ሰው እንኳ፣ መንገዱን አላውቀውም፣ ቢሆንም ተጠንቀቅ ብለውታል።

እነሆ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አማቱ ከጎኑ ተቀምጠው አብረውት ይጓዛሉ።

በመጀመሪያው ቀን ከኋላ መስታወት ሥር የነበረውን የኮንራድን ጃኬትና የዓሣ ማጥመጃ ባርኔጣ አነሱ፤ ወደ ኋላ ሲያዩ ይከልላቸዋል። በሁለተኛው ቀን ያለው አንቴና ደካማ ነው ብለው ሌላ ረጅም አንቴና ጨመሩ። በሦስተኛው ቀን ግራጫ ኦፔል መኪናው ታጠበ፤ የቆሸሸ መኪና ፖሊስ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ለኮንራድ የቀረው ነገር ልክ በዘጠና መሄድ ብቻ ነበር። እሱንም ሄደ።

ሄደ ይባል እንጂ አንጀቱ አርሮ ነበር። ለሽማግሌው የማይጠረጠር መኪና አልነበረም። ዳቦ ጫኙ ይጠረጠራል፣ ለምን አይጠረጠርም፣ ዳቦው አይታይም። ቄሱ ይጠረጠራሉ። አንድ ቀን አስከሬን የጫነ መኪና ከኋላቸው መጣ፤ አቶ ኤድመንድ በስፖኪዮው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ፊት ሁለት ወንዶች እንዳሉ አስታወቁ። ኮንራድ ከኋላ ሦስተኛ ሰው እንደተጋደመ ነገራቸው።

«ሊሆን ይችላል» አሉ ሽማግሌው። «ቢሆንም ቀነስ አድርግ።»

ኮንራድ ዋርሶ በየጊዜው አርፍዶ ይደርሳል። አንዲት የጥርስ ሐኪም ታካሚዋ አፉን ከፍቶ ሁለት ሰዓት እንደጠበቃት ነግራዋለች። ቤት ሲመለስ ሉድካ ስንት ነጥብ ጨመርክ ትለዋለች፣ ምንም ይላታል፣ እሷም አየህ የአባቴን ሥራ ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ በጣም የሚያናድደውም ይህ ነበር።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ኒጂትሳን አልፈው አንድ ድልድይ ላይ እንደወጡ ሬዲዮው ተናገረ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ድምፁ ወፍራምና የጠገበ።

«ወንድሞች፣ ወደ ምዋቫ የምትወርዱ። ጥቁር ግራጫ ኦፔል። ፊት ሁለት ናቸው። እንዳትቀድሙት።»

አቶ ኤድመንድ ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። ሦስት ሳምንት የጠበቁት ቀን ነው። መነጋገሪያውን አነሡና የት እንደደረሰ ጠየቁ። ድልድዩን አሁን ተሻገረ፣ ልክ በዘጠና ነው የሚሄደው፣ ሌባ፣ አላቸው ባለ ድምፁ።

«እኛም አሁን ነው የተሻገርነው» አሉ ሽማግሌው ለኮንራድ በሹክሹክታ። «እዚሁ ነው ያለው። አጠገባችን ነው።»

ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ፊት ለፊት የሚሄድ አንድ ትራክተር ላይ ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን አሳረፉ። ኮንራድ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ። ሠላሳ መኪና ይሆናል። ቀላሉም ከባዱም፣ አንዱ አንዱን ሳይቀድም፣ እንደ ዳክዬ ጫጩት ተሰልፎ ይከተለዋል። ትራክተሩን ራሱ ኮንራድ ሲያልፈው ሁሉም በተራ በተራ አለፉት፤ ካለፉት በኋላም እንደገና ተሰለፉ።

ባለ ወፍራም ድምፁ ታርጋውን ማንበብ ጀመረ። ኮንራድ እስከ መጨረሻው ቁጥር አዳመጠው።

«አባባ፣ እኛ ነን።»

«ምኑ ነው እኛ?»

«ኦፔሉ። እኛ ነን።»

አቶ ኤድመንድ አሰቡበት። ተመሳሳይ መኪና ስንት አለ አሉ። ኮንራድ ታርጋውስ አላቸው።

«ታርጋ ይገለብጣሉ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።»

ሽማግሌው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ከራሳቸው ጋር ተሟገቱና በመጨረሻ አመኑ። ሲያምኑ ፊታቸው ላይ ኩራት የመሰለ ነገር እንዳለፈ ኮንራድ አይቷል፣ ማል ቢሉትም ይምላል። ከዚያም ስሕተቱን ሊያርሙ መነጋገሪያውን ተጫኑ። ወንድሞች፣ ኦፔሉ ውስጥ ያለነው ድቦች አይደለንም፣ ጥርስ ይዘን ወደ ዋርሶ የምንሄድ ሰዎች ነን አሉ።

«ጥርስ እንዳላችሁማ እናውቃለን» አለ ባለ ወፍራም ድምፁ። «ነክሳችሁን የለ።»

ሌላው ከሩቅ፣ ድቦቹ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ እንዴ፣ ምን ዘመን ላይ ደረስን አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ሊሰማቸው አልፈለገም።

ኮንራድ ፈጥኖ ጥሏቸው እንዳይሄድ ሃያ አንድ ነጥብ አለበት። ስለዚህ ቀነሰ። ሰባ ሲሄድ ሁሉም ሰባ ሄዱ። የቀኝ ፍሬቻ አብርቶ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ተጠጋና እለፉኝ አለ፤ ወጥመድ መሰላቸው፣ ጭራሽ ራቅ አሉ። ነዳጅ ማደያ ገብቶ አምስት ደቂቃ ቆመ። ሬዲዮው ኦፔሉ ማደያ ውስጥ ተደብቆ ፍጥነት መለኪያውን እያስተካከለ ነው አለ። ሲወጣ የቀድሞዎቹ ሄደው አዲስ ሰልፍ ተሠራለት፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይረዝማል። ኮንራድ በሕይወቱ እንደዚህ የተከበረበት ቀን አልነበረም፤ እንደዚህ ሰው ሁሉ ያስጠላውም ቀን አልነበረም።

በአዲሱ ሰልፍ መጀመሪያ ላይ፣ ልክ ከኋላቸው፣ ጭቃ የጠጣች አሮጌ አረንጓዴ መኪና ነበረች። መስታወቷ ላይ የጨርቅ ጥንቸል ተንጠልጥሏል። የምትነዳው ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ናት፣ ከጎኗ አንድ ወጣት ዳቦ ይገምጣል። አቶ ኤድመንድ ዞር ብለው አጠኗቸው።

«ምስኪኖች» አሉ። «ባልና ሚስት ናቸው። ተጣልተዋል። እንዴት እንዳኮረፈች አየሃት? እኛን ፈርተው ነው ይሄ ሁሉ።»

ያሳዝኑኛል፣ እነዚህን እንኳ ላሳልፋቸው ብለው ቀበቷቸውን ፈቱ። ኮንራድ አባባ ይቀመጡ አለ። ሽማግሌው ግን ወንበሩ ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው ወደ ኋላ ዞረዋል፤ በሁለት እጃቸው እለፉ፣ እለፉ እያሉ ያውለበልባሉ፣ ጫማቸው ዳሽቦርዱን ይደበድበዋል። ኮንራድ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የአማቱን ኮት ይዞ ይቀመጡ አባባ፣ ስለ ማርያም ይቀመጡ እያለ ይጎትታል።

የአረንጓዴዋ መኪና ግንባር ሰማያዊ አበራ።

አቶ ኤድመንድ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይህችማ ደብተሬ ላይ የለችም» አሉ።

ጥድ ጫካው ውስጥ ወዳለው የመኪና ማረፊያ ገቡ፤ አረንጓዴዋም ተከትላቸው ገባች። ሰማያዊው መብራት ወደ ፊት ብቻ ስለሚያበራ ከኋላ የነበሩት አላዩትም። ያዩት ግራጫው ኦፔል ወደ ጫካ መታጠፉን ነው።

ሴትዮዋ ሳጅን ኩሌሻ እንደምትባል ተናገረችና ወረቀቶቹን ተቀበለች። የተናደደች ትመስል ነበር፤ ቀርቦ ሲታይ ግን ንዴት አይደለም፣ ድካም ነው። ለምን ልክ በዘጠና እንደሚሄድ ኮንራድን ጠየቀችው። ሕጉ ስለሆነ ነው አላት።

«በዘጠና ማን ይሄዳል?» አለች። «ከማደያው ጀምሮ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ከኋላዎ ነኝ። ካሜራዬ ላይ ያለው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር የእርስዎ መኪና ቂጥ ነው። አንድ ሰው አልቀደመዎትም። አንድ። ይህን ለአለቃዬ ምን ብዬ ላሳየው?»

ዳቦ ሲበላ የነበረው ወጣት ፖሊስ የኋላውን በር ከፍቶ ከካርቶኖቹ አንዱን ገለጠ። አሥራ አራት ሙሉ መንጋጋ፣ እያንዳንዱ የባለቤቱ ስም በተጻፈበት ከረጢት ውስጥ ሆኖ፣ ፈገግ ብሎ አየው። ወጣቱ ካርቶኑን ከደነ። ዳቦውንም ኪሱ ከተተ።

ሳጅኗ ወደ መኪናዋ ሄዳ የኮንራድን ስም በሬዲዮ አጣራችና ተመለሰች። ሃያ አንድ ነጥብ አለብዎት አለችው። ያውቃል። ቀበቶ ያላሰረ ተሳፋሪ የሚጭን ሹፌር ደግሞ አራት ነጥብ ይጨመርበታል።

«ሃያ አምስት» አሉ አቶ ኤድመንድ። የጠየቃቸው አልነበረም።

ኮንራድ መንገዱ ዳር ያለ ጉቶ ላይ ተቀመጠ። የላቦራቶሪው አለቃ ፊት መጣበት። ከዚያ ሉድካ፣ ከዚያ ፈተና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ከጎረምሶች ጋር የሚቆምበት ሰልፍ። ሽማግሌው ኮታቸውን አስተካክለው ሳጅኗ ፊት ቆሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠር ብለው ታዩት።

«ልጄ፣ በእኔ ላይ ጻፊው» አሉ። «መንጃ ፈቃድ አለኝ። አንድ ነጥብ የለበትም፣ ንጹሕ ነው። የእኔ ጥፋት ነው።»

ነጥብ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም አለቻቸው። እሳቸውም እያወቁት ነው የጠየቁት።

በዚህ መሃል የኦፔሉ ሬዲዮ፣ በሩ ክፍት ስለነበር፣ እስከ ጫካው ድረስ ተሰማ። ከሰልፉ አንዱ ሹፌር ነው፤ ግራጫው ለምሳ ጫካ ገባ፣ መንገዱ ነጻ ነው ወንድሞች አለ። ወዲያው ከዛፎቹ ወዲያ መኪኖች መብረር ጀመሩ። አንዱ በመቶ ሃያ፣ አንዱ በመቶ አርባ፣ ቅጠሉን እያወዛወዙ። ሳጅን ኩሌሻ አንገቷን ወደ መንገዱ አዙራ አዳመጠች። የክስ ወረቀቱን አየች። ወረቀቱን መሙላት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሌላ አንዱ ጥሩንባ እየነፋ አለፈ፣ ከደስታ ብዛት።

«በማስጠንቀቂያ እለቅዎታለሁ» አለች ቶሎ ቶሎ። «አባት ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ቀበቶ አስረው። ደግሞ እኔ አሥራ ዘጠነኛውን እሰማለሁ። እስከ ምዋቫ ስለ አረንጓዴ መኪና ከእናንተ አንዲት ቃል ከሰማሁ ቪዲዮው እዚህ አለ። አድራሻዎም አለ።»

«ሰው ቢጠይቅስ?» አሉ አቶ ኤድመንድ።

«ምን ብሎ?»

«መንገዱ እንዴት ነው ብሎ።»

«አይመልሱም።»

ሽማግሌው እስከ ምዋቫ አይተንፍሱ የተባሉ ይመስል አፈጠጡባት። እሷ ግን አልጠበቀችም፤ አረንጓዴዋ መኪና ጭቃዋን እየረጨች ወጣች።

እነሱም ወጡ። ከኋላቸው ሰልፍ የለም። የመጣው ሁሉ እየቀደማቸው ያልፋል፣ ነፃ አገር ሆኗል። ኮንራድ ሬዲዮውን ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ሽማግሌው ከኋላ ተወው አሉ፣ መስማት አልተከለከልንም። መነጋገሪያውንም ገመዱን ወጥረው ከኋላ ወንበር ይዘውታል። ለምን እንደያዙት ኮንራድ አልጠየቀም።

ጥቂት እንደሄዱ አዲስ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን፣ የወጣት።

«ወንድሞች፣ እስከ ምዋቫ መንገዱ እንዴት ነው? ቸኩያለሁ።»

ማንም አልመለሰም። የቀደሟቸው ሁሉ ርቀዋል፣ ከወዲያ የሚመጣም አልነበረም። የሚሰማው መኪና እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አልቀሩም። እነሱና ሳጅን ኩሌሻ።

«ማንም የለም እንዴ?» አለ ልጁ እንደገና።

ኮንራድ በስፖኪዮው ሽማግሌውን አያቸው። ይናገሩ ቢላቸው ሥራው ሄደ። አይናገሩ እንዳይላቸው ደግሞ አፉ አልታዘዝ አለው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ይበሉ ለማለት ሲዘጋጅ የኖረ አፍ። አቶ ኤድመንድ መነጋገሪያውን ወደ ከንፈራቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ እንደገና አቀረቡ። አውራ ጣታቸው ተጫነ።

«ወንድሜ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ» አሉ። «ዓይኔ አያይም።»

ልጁ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም።

«እግዜር ይማርህ አያቴ። ታዲያ መንገድ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ተሳፋሪ ነኝ» አሉ፣ መነጋገሪያውንም ለኮንራድ አቀበሉት።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነጭ የጭነት ሚኒባስ በመቶ ሠላሳ በአጠገባቸው ተፈተለከች። ምዋቫ ሊገቡ ሲሉ መንገድ ዳር ቆማ አገኟት። አረንጓዴዋ ከፊቷ ቆማለች፤ ሳጅን ኩሌሻ የሚኒባሷን ኮፈን ተደግፋ ትጽፋለች፤ ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ አጠገቧ ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል። አቶ ኤድመንድ በዚያን ጊዜ የሚመለከቱት በሌላው መስኮት ነበር። በሌላው መስኮት የድንች እርሻ ብቻ ነው ያለው።

ከምዋቫ በኋላ ክልከላው አበቃ። ሬዲዮው ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ይሰዳደባል። ሽማግሌው ቀበቷቸውን አስረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ኮንራድ መነጋገሪያውን ወደ ኋላ ቢያቀብላቸው አልተቀበሉትም። ይህን ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር ዝም አሰኝልኝ ብሎ ያልተሳለበት መቅደስ አልነበረም። አሁን መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ዝምታ ከነምርቃቱ ተሰጠው፤ ፕዎንስክ ሳይደርሱ መታገሥ አቃተው። አማቱን ዝም ሲሉም መታገሥ እንደማይችል ሲገባው ይበልጥ ተናደደ፤ ንዴቱን የሚያሳርፍበት ሰው ደግሞ አጣ።

«አባባ» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ከኋላችን ያለው ጥቁር መኪና ምን ይመስልዎታል?»

ሽማግሌው አልዞሩም።

«መኪና ይመስለኛል» አሉ።